የአንዲት ትንሽ ሽጉጥ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

በብዙ ቤት፥ ከሣጥን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ሽጉጥ ይገኛል። ባለቤቱም «ይህ ከአድዋ የመጣ ነው» ይላል፤ ወይም «ይህን ለአያታችን የሸለሟቸው እገሌ ናቸው» እያለ ለእንግዳ ያሳያል። እንዲህ ያለ አንድ ሽጉጥ በአጎቴ ቤት ስላለ፥ ስለ እርሱ አንድ ገጽ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ሥራውን ስጀምር ግን የአፍ ወሬን ከብረቱ ምስክርነት ለይቶ የሚመረምሩበትን መንገድ አስቀድሜ መማር እንደሚገባኝ ተረዳሁ። ይህ ጽሑፍ ያን መንገድ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ወደ አጎቴ ሽጉጥ በመጨረሻ እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ግን የገዛው ሰው፥ የተሸጠበት መደብርና የተተኰሰበት ቀን ሳይቀር በታወቀ በአንድ ሌላ ሽጉጥ ላይ ነገሩን ማሳየት ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፥ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጁላይ 10 ቀን 1873 ጧት፥ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ፖል ቬርሌን በብሩክሴል ከተማ፥ ሳንቱቤር በሚባለው ጣራ ለበስ የገበያ መተላለፊያ ውስጥ ከነበረው ከሞንቲኚ የጦር መሣሪያ መደብር አንድ ትንሽ ሽጉጥ ገዛ። ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ሲሆን የአፉ ስፋት ሰባት ሚሊሜትር ነው። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ፥ ባረፉበት ሆቴል ውስጥ፥ ወዳጁ አርተር ራምቦ ትቶት ወደ ፓሪስ ለመሄድ በመቍረጡ ተቈጥቶ፥ ደግሞም ጠጥቶ ስለ ነበረ፥ ሁለት ጊዜ ተኰሰበት። አንደኛው ጥይት የራምቦን የግራ እጅ አንጓ መታው፤ ሁለተኛው ሳተው። ቬርሌን ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፥ ራምቦም ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ማታ ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሄዱ ቬርሌን እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድ፥ ራምቦ «እንደገና ሊተኩስብኝ ነው» ብሎ ወደ ፖሊስ ሮጠ። ቬርሌን ተያዘ፤ ኦገስት 8 ቀንም ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። አረሩ ከራምቦ እጅ የወጣው ከሳምንት በኋላ ጁላይ 17 ቀን ነው።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የፈረንሳይኛ መምህራችን የእነዚህን የሁለቱን ሰዎች ግጥም አስተምረውናል፤ ስለ ሽጉጡ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ምናልባት ለልጆች የማይገባ ታሪክ ነው ብለው ይሆናል።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አንዲት ሰባት ሚሊሜትር ሽጉጥ «ያቺ እርስዋ ናት» ተብላ ብትቀርብ፥ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ አጎቴን «ከአድዋ የመጣ መሆኑን በምን አወቁ?» ብሎ ከመጠየቅ አይለይም።

መጀመሪያ ነገር፥ «ይህ መሣሪያ የመቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ጎደሎ ነው። የመሣሪያው ዓይነት የተፈለሰፈበት ዓመት አለ፤ ያ አንዱ መሣሪያ የተሠራበት ዓመት አለ፤ በመፈተኛ ቤት ተፈትኖ ማኅተም የተመታበት ጊዜ አለ፤ የተሸጠበትና የተተኰሰበትም ቀን አለ። የቬርሌንን ሽጉጥ የወሰድን እንደ ሆነ ዓይነቱ በ1850ዎቹ የወጣ ነው፤ ሽጉጡ ራሱ የተሠራው በ1870 ገደማ ነው፤ የተሸጠውና የተተኰሰው ግን በ1873 በአንድ ቀን ውስጥ ነው። በየቤታችን ላለው መሣሪያ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቀን አለ፤ ይኸውም ወደ አገራችን የገባበት ቀን ነው። ብዙ ክርክር የሚነሣው ሰዎች ከነዚህ ቀኖች አንዱን በሌላው እየተኩ ስለሚናገሩ ነው።

አሁን መሣሪያውን እናንሣ። ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። «ለአርባ ዓመት አልተነካም» የሚለው ቃል ጥይት የለበትም ማለት አይደለም፤ ሣጥን ውስጥ የኖረ ጥይትም ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የአተኳኰሱ ዘዴ ነው።

የቬርሌን ሽጉጥ ለፎሾ ከሚባለው ዓይነት ነው። ካሲሚር ለፎሾ የተባለ የፓሪስ ጠመንጃ ሠሪ በ1830ዎቹ ዓመታት ባሩዱን፥ አረሩንና ማቀጣጠያውን ባንድነት የያዘ ጥይት ከኋላ የሚጐርስ ጠመንጃ አወጣ። ልጁ ኤውዤን ለፎሾ ደግሞ በ1854 ይህን ዘዴ ወደ ባለ መዘውር ሽጉጥ አመጣው፤ በ1858 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ተቀብሎ አስታጠቀው። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ከቀለሁ ጐን፥ ወደ ቂጡ አጠገብ፥ እንደ ትንሽ ምስማር ያለ ቀጭን ዘንግ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። መዶሻው ከላይ ወደ ታች ወርዶ ይህን ምስማር ሲመታው፥ ምስማሩ በቀለሁ ውስጥ ያለውን ማቀጣጠያ ይወጋውና ባሩዱ ይነዳል። ምስማሩ ወደ ውጭ የሚወጣበት ስፍራ ስለሚያስፈልገው፥ ጥይቶቹ የሚገቡበት ተሽከርካሪ መዘውር በኋላው ጠርዝ ላይ ለእያንዳንዱ ጥይት አንዳንድ ትንሽ ጐድጓዳ ቍራጭ አለው። ይህን ቍራጭ ያየ ሰው፥ ሌላ ምንም ባያውቅ፥ ባለ ምስማር መሆኑን ያውቃል። የጐረሰ መሆኑም ከውጭ ይታያል፤ ምስማሮቹ እንደ ዘውድ ጫፍ ዙሪያውን ብቅ ብቅ ብለው ይቆማሉ። ጥቅሙ ይህ ሲሆን ጕዳቱም ይኸው ነው፤ በኪስ የተያዘ ጥይት ወድቆ ምስማሩ ድንጋይ ቢመታ ሊተኰስ ይችላል።

ባለ ምስማሩ ጥይት በአምስት፥ በሰባት፥ በዘጠኝ፥ በአሥራ ሁለትና በአሥራ አምስት ሚሊሜትር ይሠራ ነበር። ሰባቱና ዘጠኙ ለኪስ ሽጉጥ የተለመዱት ናቸው። በኋላ መዶሻው የቀለሁን ቂጥ የሚመታበት ጥይት ሲስፋፋ ባለ ምስማሩ እየተተወ ሄደ፤ ዳሩ ግን በርካሽ ስለሚሸጥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መሠራቱ አልቀረም። ስለዚህ ዘዴው የሚነግረን መነሻውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ባለ ምስማር ባለ መዘውር ሽጉጥ ከ1854 በፊት ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ከዚያ ወዲህ መቼ እንደ ሆነ ግን ምስማሩ አይናገርም።

በዚህ ላይ ስም ብዙ ሰው ያስታል። በቤልጅግ የተሠሩ እጅግ ብዙ ሽጉጦች «የለፎሾ ሽጉጥ» እየተባሉ ተሸጠዋል፤ አንዳንዶቹም ላይ «በለፎሾ ሥርዓት» የሚል ተጽፎባቸዋል። ይህ የዘዴ ስም እንጂ የሠሪ ስም አይደለም። የፓሪሱ ለፎሾ ራሱ የሠራቸው የባለቤቱን ስም በበርሜሉ ላይ፥ ደግሞም በስሙ ሁለት ፊደላት የሚጀምር ተራ ቍጥር ይይዛሉ። እኛም አገር ይህ ስሕተት አዲስ አይደለም። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉት ነው፤ ሰናድር የምንለውም የስናይደር ስም ነው፤ ባላገሩ እነዚህን ስሞች የተማረው ከዘዴው ጋር ነው እንጂ የትኛው ፋብሪካ እንደ ሠራው አይጠይቅም፥ አያስፈልገውምም ነበር። ለተመራማሪ ግን ያስፈልገዋል።

ሌላው ወጥመድ በብረቱ ላይ የተጻፈ ዓመት ነው። የአሜሪካኖቹ ስሚዝና ዌሰን በ1857 ያወጡት ትንሽ ባለ ሰባት ጎራሽ ሽጉጥ (የአፉ ስፋት ከኢንች መቶ እጅ ሃያ ሁለቱ ነው) እስከ 1882 ድረስ በሦስት ዓይነት ተሠርቷል። በመዘውሩ ላይ «ኤፕሪል 3 ቀን 1855» የሚል ስለሚገኝበት ብዙ ሰው «የ1855 ሽጉጥ አለኝ» ይላል። ያ ቀን ሮሊን ዋይት የተባለው ሰው የፈጠራ መብት ያገኘበት ቀን ነው፤ በዚያ ዓመት ከነዚህ ሽጉጦች አንድም አልተሠራም። የተሠራበት ዘመን የሚታወቀው በቅርጹ ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው በርሜል የፊተኞቹ ሁለት ዓይነቶች ነው፤ ክብ በርሜልና ቦይ የወጣለት መዘውር ያለው ግን ሦስተኛው፥ ከ1868 ወዲህ የተሠራው ነው።

ስለ ቅርጽ ከዚህ የበለጠ አልናገርም። ምላጩ ወደ ሆዱ የሚታጠፍ፥ መዶሻው ከውስጥ የተደበቀ፥ እጀታው እንደ ወፍ ራስ የጐበጠ መሆኑ ሁሉ ዘመንን ይጠቍማል፤ ሆኖም ሠሪዎች እርስ በርሳቸው ስለሚቀዱ ከሃያ ዓመት ያነሰ ልዩነት በቅርጽ ብቻ መወሰን ድፍረት ነው። የአፉን ስፋት መለካት ይበልጣል። በካሊፐር የሚለካ ሰው ግን ከአፈሙዙ ብቻ ለክቶ እንዳይተው፤ አፈሙዝ በመጥረግና በዝገት ይሰፋል። የጥይቱ ቤት ስፋትና ጥልቀትም አብሮ ይለካ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጥይት ራሱ የልደት ዓመት አለው፥ መሣሪያውም ከጥይቱ አስቀድሞ ሊወለድ አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ይኸውም የመፈተኛ ቤት ማኅተም ነው። የቤልጅግ የጦር መሣሪያ ሥራ ማዕከል ሊዬዥ የተባለችው ከተማ ናት። በዚያች ከተማ በ1672 ልዑል ጳጳሱ ማክሲሚሊያን ኤንሪ ባወጡት አዋጅ በርሜሎች ሁሉ ከመሸጣቸው በፊት እንዲፈተኑ ታዘዘ። ፈተናው ቀላልና ጨካኝ ነው፤ ከተለመደው የበዛ ባሩድ ይጐርስና ይተኰሳል። ያልፈነዳና ያልተሰነጠቀ ማኅተም ይመታበታል፤ የተሰነጠቀው ይጣላል። ማኅተሙ የተቋቋመው ገዥውን ከአደጋ ለመጠበቅ ነው። የማኅተሙ መልክ ግን በየዘመኑ በደንብ እየተለወጠ ስለ ሄደ፥ ሳይታሰብ ለእኛ የዘመን መቍጠሪያ ሆነ።

ዋናው ማኅተም እንደ እንቍላል ባለ ሞላላ ክበብ ውስጥ የተጻፉ ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ በፈረንሳይኛ ኧ፥ ኤል፥ ዤ ተብለው ይነበባሉ፤ «የሊዬዥ ፈተና» ማለት ነው፤ ከሥራቸውም ኮከብ አለ። ብዙ ሰው ይህን የፋብሪካ ስም ይመስለዋል። ይህ ማኅተም ከ1810 ጀምሮ ሲሠራበት ኖሮ ከጁላይ 1893 ወዲህ በክበቡ ላይ ዘውድ ተጨመረለት። ዘውድ የሌለው ክበብ እንግዲህ ከ1893 አጋማሽ በፊት፥ ዘውድ ያለውም ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለተኛው የፈታኙ ሹም የግል ምልክት ነው፤ እያንዳንዱ ሹም አንድ ፊደል ነበረው። ከ1853 እስከ 1877 ከፊደሉ ላይ ትንሽ ዘውድ ይደረግ ነበር፤ ከ1877 ወዲህ በዘውዱ ፈንታ ኮከብ ገባ። ሦስተኛው ፔሮን ነው፤ ይህ በሊዬዥ ገበያ መካከል የቆመው የድንጋይ ዓምድ ሥዕል ሲሆን፥ በብረቱ ላይ እንደ ትንሽ መቅረዝ ሆኖ ይታያል። ከ1894 ጀምሮ ደግሞ በበርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ላለው መሣሪያ ዘውድ የጫነ ኤር የሚባለው ፊደል ተጨመረ። ጭስ ለሌለው ባሩድ ለተፈተነው አንበሳ፥ ከ1922 ወዲህ ደግሞ ለየዓመቱ የሚለዋወጥ አንድ ትንሽ ፊደል ለብቻው ይመታል።

እነዚህ ምልክቶች ከገብስ ቅንጣት ያነሱ ናቸው። በመዘውሩ ዙሪያ፥ በበርሜሉ ጐንና ሥር፥ አንዳንድ ጊዜም እጀታው ካልወለቀ በማይታይ ስፍራ ይገኛሉ። ለማንበብ በጥቂት ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ፥ ጠመኔ አሽቶበት፥ ብርሃን ከጐን እንዲያርፍበት አድርጎ በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍግ ሰው ምስክሩን በገዛ እጁ ይገድለዋል። በኒኬል እንደገና የተለበጠ ሽጉጥም ማኅተሙ የደበዘዘ ስለሚሆን ዘውዱን ነጥብ፥ ነጥቡንም ዘውድ አድርጎ ማንበብ ቀላል ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ቀን ኮከቡን ዘውድ ነው ብዬ ጽፌ፥ ለአንድ ሳምንት ያህል በተሳሳተ መንገድ ሄጃለሁ። በበርሜሉና በመዘውሩ ላይ ያሉት ምልክቶች የተለያየ ዘመን ቢሆኑ፥ አንዱ ክፍል ከሌላ መሣሪያ ተወስዶ የተገጠመ መሆኑን ያሳያል።

ይህን ይዘን ወደ ብሩክሴሉ ጕዳይ እንመለስ። በ1873 በቤልጅግ መደብር ለተሸጠ የአገሩ ሽጉጥ ክበቡ ዘውድ የሌለው፥ የሹሙ ፊደል ደግሞ ዘውድ የጫነ መሆን አለበት። አንድ ሰው ክበቡ ዘውድ የጫነ ባለ ምስማር ሽጉጥ ይዞ «የቬርሌን ነው» ቢል፥ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ጉዳዩ ያበቃል፤ ያ ሽጉጥ ከተኰሱ በኋላ ቢያንስ ሃያ ዓመት ቆይቶ የተፈተነ ነው። ከፊደሉ ላይ ኮከብ ቢኖርም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ምልክቶቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ቢገኙስ? ያን ጊዜ የምናውቀው ከ1854 እስከ 1877 ባለው ጊዜ ውስጥ መሠራቱን ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከሊዬዥ የወጡት የዚህ ዓይነት ሽጉጦች ብዙ ናቸው። ማኅተም «አይደለም» ለማለት ብርቱ ምስክር ነው፤ «አዎን፥ ይህ ነው» ለማለት ግን አቅም የለውም። እኔ ከዚህ ጥናት ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ በየመጽሐፉም በግልጽ ሲነገር አላየሁትም።

«አዎን» የሚያሰኘው ቍጥርና ወረቀት ነው። ስለ ቍጥር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሊዬዥ ሥራው በፋብሪካ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ተከፋፍሎ ይሠራ ስለ ነበረ፥ በመሣሪያው ላይ የሚገኙት ቍጥሮች የተለያየ ትርጕም አላቸው። በመዘውሩ፥ በበርሜሉና በእጀታው ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ አጭር ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ ገጣጣሚው ክፍሎቹ እንዳይቀላቀሉበት የመታው ነው። ረጅሙ ቍጥር የሠሪው ወይም የሻጩ ሊሆን ይችላል፤ ከመዝገቡ ጋር ካልተያየ ግን ዝም ያለ ቍጥር ነው። ለሁሉ የሚያገለግል አንድ የቍጥር መዝገብ የለም።

በቬርሌን ጕዳይ መዝገብ ተገኘ። የሽጉጡ ቍጥር 14096 ነው፤ በሞንቲኚ መደብር መዝገብ ላይ ያለውም ይኸው ቍጥር ነው። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ደግሞ ቬርሌን ሽጉጡን በዚያው ጧት መግዛቱን ይዟል። ብረቱ ከመደብሩ ጋር በቍጥሩ ተያያዘ፤ መደብሩም ከቬርሌን ጋር በፍርድ ቤቱ ወረቀት ተያያዘ። ዘዴው፥ የአፉ ስፋትና ማኅተሙ ሁሉ ለዚህ በር ከፋች ብቻ ናቸው። ሽጉጡ በኖቬምበር 30 ቀን 2016 ፓሪስ ውስጥ ክሪስቲስ በተባለው የሐራጅ ቤት ቀርቦ በ434,500 ዩሮ ተሸጠ፤ አስቀድሞ የተገመተለት ከ50,000 እስከ 60,000 ዩሮ ነበር። ያለ ቍጥሩና ያለ መዝገቡ ይህ ሽጉጥ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ከመሰሎቹ መካከል የሚጣል ዝገት ያለበት ብረት ነበር። ገዥው ብዙውን ገንዘብ የከፈለው ለወረቀት ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ነገር እንዳይመስል፥ የተመታው ልጅ ማን እንደ ሆነ እናስታውስ። ራምቦ ግጥሙን ትቶ በዲሴምበር 1880 ሐረር ገባ፤ ከዚያም ነጋዴ ሆነ። በ1885 የጦር መሣሪያ ወደ ሸዋ ለማምጣት ተነሣ፤ በዲሴምበር 3 ቀን ከታጁራ ለቤተ ሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የሚያመጣቸው ጠመንጃዎች ከአርባ ዓመት በፊት ከሥራ የወጡ፥ በካፕሱል የሚተኰሱ መሆናቸውን፥ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ካሉት የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች በሰባት ወይም በስምንት ፍራንክ እንደሚገኙ፥ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን በአርባ ፍራንክ እንደሚሸጡ ገልጧል። ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ በ1886 መገባደጃ ከታጁራ ተነሣ፤ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ፤ ንጉሡ በዚያ ስላልነበሩ ሽያጩን የፈጸመው በእንጦጦ ነው። በትርፉም አልተደሰተም። እንግዲህ የሊዬዥ ዕቃ ወደ ሸዋ የመጣበት አንዱ መንገድ በራሱ በራምቦ እጅ ተጽፎ ይገኛል። እነዚህ ረዣዥም ጠመንጃዎች እንጂ ሽጉጦች አይደሉም፤ ሆኖም በሸዋ ቤት ውስጥ የሊዬዥ ማኅተም ያለበት መሣሪያ ማግኘት የሚያስደንቅ አለመሆኑን ያስረዳሉ።

የአጎቴ ሽጉጥ የሚገኘው በሰሜን ሸዋ ነው። ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ፥ በኒኬል የተለበጠ፥ አምስት ጎራሽ፥ መዶሻው የተደበቀ፥ ምላጩ የሚታጠፍ ነው። የዚህ ዓይነት ቅርጽ በ1890ዎቹ ጋላን የተባለው የፓሪስ ሠሪ ለብስክሌት ነጂዎች፥ ከሚያባርሯቸው ውሾች እንዲያመልጡበት፥ ካወጣው «ቬሎዶግ» ከሚባለው ሽጉጥ ጋር ይዛመዳል፤ በኋላም በሊዬዥና በስፓኝ ከተማ በኤይባር በብዛት ተቀድቷል። አባታቸው ለአጎቴ እንደ ነገሯቸው፥ ሽጉጡን የያዙት የአባታቸው አያት ናቸው፤ የያዙትም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ላይ ነው።

ባዶ መሆኑን አይቼ በጠመኔ አሸሁት። ሞላላው ክበብ አለ፤ ዘውድም ጭኗል። ከ1893 ወዲህ ማለት ነው፤ አድዋ በ1896 ስለሆነ እስካሁን ታሪኩ አልተነካም። የሹሙ ፊደል ኮከብ አለው፤ ይህም አይቃወምም። በዚህ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ግን በበርሜሉ ጐን 6.35 የሚል አገኘሁ፤ የጥይቱን ቤት በካሊፐር ብለካው ተስማማ። ይህ ብራውኒንግ በቤልጅግ ላወጣው ትንሽ አውቶማቲክ ሽጉጥ የተሠራ ጥይት ነው፤ ከ1905 በፊት በዓለም ላይ አልነበረም። መዘውሩ ተቀይሮ ይሆናል ብዬ ሌሎቹን ምልክቶች ፈለግሁ። አንበሳው አለ። ከእርሱም አጠገብ፥ ብቻውን የቆመ አንድ ትንሽ ፊደል አለ። ከ1922 ወዲህ ነው። በበርሜሉም በመዘውሩም ያሉት ገጣጣሚው የመታቸው ቍጥሮች አንድ ናቸው፤ ስለዚህ የተቀየረ ክፍል የለም።

ለአጎቴ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀሁ። በመጨረሻ «ጋሼ፥ ይህ ሽጉጥ በአድዋ ጊዜ ገና አልተሠራም ነበር» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው አባቴ ዋሽተውኛል ነው የምትለኝ?» አሉኝ። እኔም ሰውዬው አድዋ አልዘመቱም የሚል ምልክት በብረቱ ላይ እንደሌለ፥ ሽጉጡ ብቻ ከእርሳቸው ጋር እንዳልነበረ አስረዳኋቸው። ምናልባት በኋላ የተገዛ ሽጉጥ የፊተኛውን መሣሪያ ታሪክ ወርሶ ይሆናል፤ ሣጥኑ አንድ ስለሆነ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ አልተቈጡም፤ ግን እንደ ወትሮው ወደ መስኮቱ ወስደው አላዩትም፥ በጨርቁ ጠቅልለው መለሱትና «ልጆቹ ፊት አሁን አትናገር» አሉኝ። በዚህ መጽሔት እንድጽፈው የፈቀዱልኝ ስማቸው እንዳይገለጥ በመስማማት ነው።

ከሽጉጡ ሥር፥ በዚያው ሣጥን ውስጥ፥ በገመድ የታሰረ የወረቀት ጥቅል አለ፤ የግብር ደረሰኝና የክርክር ወረቀት ነው ይላሉ። እርሳቸው ካነበቡት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የሽጉጡን ረጅም ቍጥር በማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ይዣለሁ፤ በሚመጣው የፋሲካ ዕረፍት ጥቅሉን አብረን እንፈታዋለን።